ወደ ደብረ ሊባኖስ ሸለቆ ለምትሄዱ፦ ዕቅዱን ከመመለሻው ሰዓት ጀምሩ

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንግዳ ይዞ ወደ ሰላሌ ገደል መሄድ የዘወትር ሥራዬ ነው። እሁድ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ለሚቆም ሰው የማን ጉዞ እንደሚሰምር ገና በማለዳ ይታወቀዋል። 1 ሰዓት ሳይሞላ ሱሉልታን ያለፈው ሸለቆውን ጥርት ብሎ ያየዋል። 4 ሰዓት ላይ ቁርስ ፍለጋ የሚቆመው ግን ብዙ ጊዜ ጉምና ዝናብ አይቶ፣ ማታ በጨለማ እየተንቀራፈፈ ይመለሳል። ይህን የምጽፈው ለሽርሽሩ ድምቀት ብቻ አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሰው ከገደል ውስጥ በቃሬዛ ሲወጣ የአካባቢው ገበሬዎች ምን ያህል እንደሚለፉ አውቃለሁ፤ እዚያ ያደረሰው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መቻኮል ነው። መቻኮሉም የሚመጣው ዘግይቶ ከመነሳት ነው።

ስለዚህ ዕቅዱን ከመነሻ ሰዓት አትጀምሩት፤ ከመመለሻው ጀምሩት። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ምሽት 12 ሰዓት ግድም ነው። ከደብረ ሊባኖስ መገንጠያ እስከ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱ አስፋልት ቢሆንም የጎጃም ከባድ መኪና፣ ከብት፣ ጋሪና የሱሉልታ መጨናነቅ ስላለበት ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት። እንጦጦን በብርሃን ለመሻገር ከገዳሙ 9 ሰዓት ላይ መነሳት አለባችሁ ማለት ነው። ከ9 ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ለገዳሙና ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻ ሁለት ሰዓት፣ ለምሳ አንድ ሰዓት፣ ለገደሉ አፋፍና እዚያው ላለው «የፖርቹጋል ድልድይ» ሦስት ሰዓት። ስለዚህ አፋፉ ላይ 3 ሰዓት ትደርሳላችሁ፤ ለዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባ 12 ሰዓት ላይ መንቀሳቀስ ግድ ነው። «12 ሰዓት እንገናኝ» ማለትና 12 ሰዓት ላይ መንቀሳቀስ ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቡድን ከሆናችሁ መገናኛውን 11 ሰዓት ተኩል አድርጉት፤ የቀረ ሰው ካለም እየደወላችሁ ከአንድ ሩብ ሰዓት በላይ አትጠብቁ።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚወስነው ወሩ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን የሚስተካከለው የለም። አየሩ ይጠራል፣ አደይ አበባው አለ፣ የሱሉልታ ሜዳ ገና አረንጓዴ ነው፣ ፏፏቴዎቹም አልደረቁም። ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ላይ ሜዳው ውርጭ ይመታዋል፤ ቀኑን ግን እንደዚያን ጊዜ ርቆ የሚታይበት ወቅት የለም። ከጥር እስከ መጋቢት ሸለቆው በአቧራና በጭስ ይደበዝዛል፣ ፏፏቴውም ቀጭን ክር ይሆናል ወይም ጭራሽ ይጠፋል፤ ስለዚህ በዚያ ወቅት «ፏፏቴ እናያለን» ብላችሁ ልጆች ቃል አትግቡላቸው። ሐምሌና ነሐሴ ውኃው ሙሉ ቢሆንም አፋፉ ላይ ቆማችሁ ከእግራችሁ በታች ነጭ ጉም ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። በክረምት መሄድ ካለባችሁ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል የውጪውን ሁሉ እስከ 6 ሰዓት ጨርሱ።

ቀኑን ስትቆርጡ የገዳሙን የንግሥ ቀናት ተመልከቱ። ግንቦት 12፣ ነሐሴ 24 እና ታኅሣሥ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓላት ናቸው። ለመሳለም የምትሄዱ ከሆነ ቀኑ እሱ ነው። ሸለቆ ለማየት ከሆነ ግን በነዚህ ቀናትና በዋዜማቸው መኪና ማቆሚያ አታገኙም፤ ወደ ገዳሙ የሚወርደው መንገድም በእግረኛና በአውቶቡስ ይሞላል። በየወሩ በ24ም ሕዝቡ ከሌላው ቀን ይበዛል።

መኪናውን በተመለከተ አብዛኛው ሰው ሚኒባስ በኮንትራት ይይዛል፤ ጭቅጭቅ የሚነሳውም እዚያ ላይ ነው። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት አምስት ነገር ተነጋገሩ፦ ነዳጁ የማን ነው፣ የሾፌሩ ምግብ የማን ነው፣ ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ ከዋናው መንገድ ወደ ገዳሙ ይወርዳል ወይስ መገንጠያው ላይ ይቆማል፣ ከከተማ ለመውጣት የሚያስፈልገው ወረቀት በእጁ አለ ወይ። አራተኛው የሚረሳው ነው። «ደብረ ሊባኖስ አደርሳለሁ» ያለ ሾፌር ቁልቁለቱን ሲያይ ተጨማሪ ገንዘብ ቢጠይቅ ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው። በራሳችሁ መኪና ከሆነ ፍሬኑን፣ የራዲያተር ውኃውን፣ ስኮርታውንና ክሪኩን ማየት ያለባችሁ ከሁለት ቀን በፊት ነው፤ በዋዜማው ማታ ጋራዥ አይገኝም። ነዳጅ አዲስ አበባ ሙሉ። መኪናው ዳገት ላይ ቢሰንፍባችሁ አትደንግጡ፤ ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ተራ የቤንዚን ሞተርን 10 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሰዋል፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ እዚያ ላይ ከባድ መኪና ቀድሞ ለማለፍ መሞከር የለበትም።

ይህ መስመር ባለፉት ዓመታት የፀጥታ ችግር ያየ መስመር ነው። ስለዚህ በዋዜማው ማታ በየቀኑ የሚመላለሱትን የፍቼና የጎሐ ጽዮን ሾፌሮች ጠይቁ፤ የሳምንት ወሬ አይበቃም። «ዛሬ መንገዱ አይመከርም» ካሏችሁ ቀብዱ ይቅር እንጂ አትሂዱ። ሁሉም ሰው መታወቂያ ይያዝ፣ ፍተሻ ላይ አንድ ሰው ባለመያዙ ሙሉ መኪና ይቆማል። ቤት ለሚቀር ሰው የሾፌሩን ስልክና የመመለሻ ሰዓታችሁን ንገሩ፤ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ እናንተን ማግኘት ላይችል ይችላል።

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም። አፋፉ ላይ ብቻ ለሚቆይ ሰው አንድ ሊትር ውኃ፣ ወደ ታች ለሚወርድ ሁለት ሊትር። ጠዋት ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ባርኔጣ። በዚህ ከፍታ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖም ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕፃናትና ቀላ ያሉ ሰዎች ማታ የሚያለቅሱት ለዚህ ነው። ሶሉ የሚይዝ፣ ቀድሞ የተለመደ ጫማ አድርጉ፤ ለጉዞው ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያቆስላል። ለሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ በቦርሳ ይግባ፤ ሱሪ ለብሶ ገዳም መግባት ስለማይፈቀድ ከደጅ የሚመለሱ እህቶች ብዙ ናቸው። ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ያዙ፣ ቴሌብር ያለ ኔትወርክ አይሠራም። ለስንቅ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ ይበቃል፤ ረቡዕና ዓርብ ወይም በአጽዋማት ከሄዱ በመንገዱ ላይ የፍስክ ምግብ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ከቆላ የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከድሬዳዋ፣ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ውሰዱት። ከወረደበት አውቶቡስ በቀጥታ ወደዚህ ከፍታ ያመጡት ሰው ቀኑን ራሱን ይዞ ይውላል።

አሁን መንገዱ። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ ባሕር ዛፉ መሃል ጉም ሊኖር ይችላል፤ መብራት አብሩ፣ ረጅሙን ግን አይደለም። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ተመልሶ የራሳችሁን ዓይን ነው የሚጋርደው። በዚያ ሰዓት አትሌቶች በአስፋልቱ ዳር በቡድን ይሮጣሉ፤ ዝግ ብላችሁ፣ ራቅ አድርጋችሁ እለፏቸው። ሱሉልታ ላይ ለሻይ ከቆማችሁ ከሃያ ደቂቃ አትለፉ። ወተቱ የታወቀ ነው፣ ግን የፈላውን ጠይቁ፤ ጥሬ ወተት ጠጥቶ ረጅም መንገድ መሄድ ሆድን አደጋ ላይ መጣል ነው።

40 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ጫንጮ ትደርሳላችሁ። በስተግራ የሚገነጠለው መንገድ ወደ ደርባና ወደ ሙገር ሸለቆ ይወስዳል። ሙገርም ውብ ነው፤ ገደሉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፣ በክረምት ማብቂያ ፏፏቴ አለ። ችግሩ መንገዱ የሲሚንቶ መኪና የሚመላለስበት መሆኑ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ደስ ይላል፦ የሰሜን ሸዋ አምባ ላዩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ወንዞቹ ያንን ሰንጥቀው ሲወርዱ ከሥሩ የነበረውን እጅግ ያረጀ የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ገልጠውታል። ፋብሪካዎቹ የመጡት ለኖራ ድንጋዩ ነው፤ ደብረ ሊባኖስ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ገደሉ በቀለም ተደራርቦ የምታዩትም ያንኑ ነው። ሙገርንና ደብረ ሊባኖስን በአንድ ቀን ለማየት ግን አታስቡ። ከጫንጮ ወደ ደርባ የገባ ሰው የቀኑ ግማሽ እዚያ ያልቃል፣ ሁለተኛውን በሩጫ ያየዋል።

80 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ያለችው ሙከ ጡሪም ሌላ ፈተና አላት። በስተቀኝ የሚሄደው መንገድ በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ ይሻገራል። ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ከደብረ ሊባኖስም የሰፋ ነው። ነገር ግን ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ከአምባው እስከ ወንዙ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ ጠዋት ጋቢ የለበሰው ሰው ድልድዩ ላይ ላብ በላብ ይሆናል፣ ሲመለስም መኪናው ዳገቱ ላይ ይፈላል። ጀማን ማየት የፈለገ ሌላ ቀን ለይቶ ይምጣ።

በደብረ ፅጌ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሊባኖስ ስትቃረቡ መጀመሪያ ወደ አፋፉና ወደ ድልድዩ ሂዱ፣ ገዳሙን ለኋላ ተዉት። ምክንያቱ ጭላዳዎቹ ናቸው። ሌሊቱን የሚያድሩት ገደሉ ወገብ ላይ ባሉ ጠባብ እርከኖች ነው፤ ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ሲመሽ ተመልሰው ይወርዳሉ። 3 ሰዓት ግድም የደረሰ ሰው ከአፋፉ እየተከታተሉ ሲወጡ ያገኛቸዋል። ቁጭ ብላችሁ ዝም በሉ። ሣሩን በሁለት እጃቸው እየነጩ፣ መዳፋቸው እስኪሞላ ሰብስበው ሲጎርሱ ድምፁ ይሰማል፤ ተቀምጠው እንደነበር በመቀመጫቸው ፈቀቅ እያሉ ይቀጥላሉ። የአውራው ጎፈር ነፋስ ሲመታው እስከ ወገቡ ይወርዳል፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ይታያል። የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ከልክ በላይ ቀርባችኋል፤ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ሙዝና ብስኩት አትስጧቸው። ጭላዳ ሣር በል ነው፣ በዓለም ላይም ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ልጅ ቦርሳ ይነጥቃል። ፌስታል በእጃችሁ አታንጠልጥሉ።

ወደ ድልድዩ የሚወስደው የእግር መንገድ አጭር ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ሩብ ሰዓት ግድም ነው። የአካባቢው ልጆች እንምራችሁ ይላሉ። አንዱን ምረጡና ዋጋውን ፊት ለፊት ተስማሙ፣ ሌሎቹን በትሕትና አመስግኑ። የሰላሌ ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ «አከም» ብሎ ሰላምታ የሰጠ እንግዳ ሌላ አቀባበል ያገኛል።

ድልድዩ «የፖርቹጋል ድልድይ» ይባላል፤ ሰው ሁሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ይመስለዋል። ግን ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት፣ የሰላሌ ገዥ የነበሩት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ ዘመኑም የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራ በሰጎን ዕንቁላል የተለወሰ ነው እየተባለ ይነገራል። ጅረቱ ከድልድዩ ሥር አልፎ ጥቂት እንደሄደ ወደ ገደሉ ይወረወራል። አደጋው እዚህ ነው። ውኃው ለዘመናት ያለሰለሰው ድንጋይ ከላይ ደረቅ ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን ቀጭን፣ የሚያንሸራትት አረንጓዴ ሽፋን አለበት። ከፏፏቴው ጫፍ ሦስት ሜትር ወዲህ ቁሙ፣ ልጅ እጁ ይያዝ፣ ለፎቶ ወደ ኋላ አትራመዱ። አፋፉም ቢሆን አንዳንድ ቦታ ከሥሩ ተቦርቡሮ ወደ ውጭ ያለፈ ነው፤ ከላይ ሆናችሁ ሣር የለበሰ ጠንካራ መሬት ነው ያላችሁት ከታቹ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስንጥቅ ካያችሁ ከስንጥቁ ወዲህ ሁኑ።

ከድልድዩ ወደ ሸለቆው የሚወርድ የእግር መንገድ አለ። መውረድ ለምትፈልጉ አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ ለመውረድ የፈጀባችሁን ጊዜ እጥፍ ለመውጣት ያስፈልጋችኋል። ለአፋፉና ለድልድዩ የያዛችሁት ሦስት ሰዓት ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ አትውረዱ፣ ሰዓት ተመልክታችሁ ያላችሁበት ቦታ ላይ ተመለሱ። «ትንሽ ነው የቀረው» የሚለው ቃል ነው ሰውን ከታች የሚያስቀረው። ዳገቱ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ከመካከላችሁ ደካማው ነው፤ እሱ ከፊት ይሂድ። ወደ ታች ድንጋይ አትወርውሩ፣ ከሥር እረኛና ከብት አለ።

ገዳሙ የሚገኘው ከዋናው መንገድ ወደ ሸለቆው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ነው። ይህ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወረድም። ከላይ ገና ሳትጀምሩ 2ኛ ማርሽ፣ ሲበረታ 1ኛ አስገቡ፣ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን በመሃል በመሃል ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው፣ ተረግጦ አይወረድም። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ጎማው ላይ ውኃ አታፍስሱ። የጋለ የፍሬን ብረት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

ገዳሙ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አሁን የምታዩት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ግን በ1950ዎቹ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታነጸ ነው። ጫማችሁን አውልቁ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ በጾም ቀን ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን ውስጡን ማየት የሚፈልግ ያንን አስቦ ይምጣ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የዚህን ገዳም መነኮሳትና ምእመናን አስፈጅቷል። የጣሊያኑ ሪፖርት 297 መነኮሳት ይላል፣ ኋላ የተደረገ ጥናት ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 በላይ ያደርሰዋል። ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ግቢው ውስጥ ድምፃችሁን ዝቅ የምታደርጉትም ለዚህ ጭምር ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የጸለዩበት ዋሻና ጸበሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ዳገቱ ላይ ናቸው፤ ጉልበት የሚያማቸው አዛውንት ከታች ጥላ ሥር ቢጠብቁ ይሻላል።

9 ሰዓት ሲሆን፣ ማንም ምን ይበል፣ ተነሱ። በመመለሻው ሾፌራችሁ ደክሟል፣ ምሳ በልቷል፣ ፀሐይዋም በቀኝ በኩል ታጥበረብራለች ወይም ከባድ ዝናብ ይዟል። አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው የማያንቀላፋ ይሁን፣ ያጫውተው። ጫንጮ ላይ አሥር ደቂቃ አሳርፉት። እንደምንም መሽቶባችሁ ከሆነ ያለ መብራት የሚሄድ ጋሪና አስፋልት ላይ የቆመ የተበላሸ ከባድ መኪና ዋናው ስጋት ናቸው፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተወሰኑ፣ ለመቅደም አትሞክሩ። እንጦጦን ከተሻገራችሁ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውም ቁልቁለት ስለሆነ «ደረስን» ብላችሁ ማርሹን አትልቀቁት፤ ቀኑን ሙሉ የሠራው ፍሬን የመጨረሻውን ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው።